ባሌስትራውን አትንካ

ውድ ጆሮ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ይህን የምትጽፈው ልጄ ናት፤ እኔ እንደምታውቀው ፊደል አልቆጠርኩም። ቃሉ ግን የእኔ ነው። ገና አፌን ሳልከፍት «አባዬ፣ መጀመሪያ ይቅርታ በለው» አለችኝ። ያልኩሽን ጻፊ አልኳት።

ፒካፗ አንድ ጎኗ ከፍ፣ አንድ ጎኗ ዝቅ ብሎ እንደ አንካሳ በቅሎ ግቢ ውስጥ ቆማለች። አምስት ቀኗ ነው።

ነገሩን ግማሹን ታውቀዋለህ። ባለቤቴ ጀርባዋን ከታመመች ወዲህ በየሐሙሱ ለሕክምና ወደ ታች አወርዳታለሁ። የእኛ ሰፈር መንገድ ደግሞ ወንዝ ትቶት የሄደ ድንጋይ ነው፤ የመኪናዋን ሆድ ይመታው ነበር። አዲስ ዕቃ መግዛት አቅሜ አይፈቅድም። አሮጌ ብረት ከሚሸጥበት ግቢ፣ ከወደቀ የጭነት መኪና ላይ አራት የባሌስትራ ብረት አስፈትቼ ጋራዥህ መጣሁ። ሰውነቷን የሚሸከመው ባሌስትራ ላይ በየጎኑ ሁለት ሁለት ደርብልኝ፣ ከፍ ትበልልኝ አልኩህ።

አንተ ብረቱን በመፍቻ ነካ ነካ አደረግህና፣ «ሰውዬ፣ የምትጭነው ድንጋይ ነው ወይስ ሚስትህን? ባሌስትራውን አትንካ። በየመጋጠሚያው ያለቀውን የላስቲክ ጎሚኒ ቀይር፣ ንጥረቱን የሚውጥ ደህና አሞርዛተር ፈልግ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አልከኝ።

እኔስ ምን አልኩ? ሠራተኞችህ ሁሉ እየሰሙ፣ «አንተ ዕድሜህን መኪና ሥር ተኝተህ የጨረስክ! መንገድ የማውቀው እኔ ነኝ!» አልኩህ። መፍቻውን አስቀመጥክ፣ እጅህን ጠረግህ፣ ወደ ሌላ መኪና ሄድክ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ብረቱን ሌላ መካኒክ ደረበልኝ።

ከፍ አለች፣ አልዋሽህም። አንድ ድንጋይ አልነካትም። ግን ጭነት ስለሌላት እንደ ፍየል ትዘላለች። በመጀመሪያው ሐሙስ ባለቤቴ ነጠላዋን አጣጥፋ ከጀርባዋ ሸጎጠች። በሁለተኛው የበሩን እጀታ ይዛ ከንፈሯን ነከሰች። እኔ መንገዱን ረገምኩ፣ ጎማውን ረገምኩ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። በሦስተኛው መሃል መንገድ ላይ «አቁም» አለችኝ።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። በእግሬ ልሂድ።»

ወረደች፣ ጆሮ። አንድ እጇን ወገቧ ላይ፣ አንድ እጇን ዱላዋ ላይ አድርጋ ከፊቴ ሄደች። እኔ በአንደኛ ማርሽ ከኋላዋ። አንድ መንገደኛ፣ «አባባ፣ መኪናዋን እሳቸው ናቸው እንዴ የሚጎትቷት?» ብሎ ሳቀ። አርባ ዓመት ስነዳ መሪ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም።

ቤት ስንመለስ «ከእንግዲህ አልሄድም» አለች። «ከሕመሙ መንገዱ ባሰብኝ። እዚሁ ልተኛ።» ሐኪሙ ደግሞ ካቋረጠች እግሯ እንደሚሰንፍ፣ ኋላም እንደማይመለስ ነግሮናል።

በማግስቱ የደረብኩትን ላወጣ ሥር ገባሁ። መኪና ሥር ተኛሁልህ፣ ሳቅ እንግዲህ። የግራውን ፈታሁ። ቀኙ ላይ ቡሎኑ እንቢ አለኝ፤ ጣቶቼም መፍቻ አጥብቀው መያዝ ትተዋል። ደክሞኛል። ልጄ እዚህ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ጻፊው አልኳት።

ከዚያው ከአሮጌ ብረት ግቢ አምስት አሞርዛተር አምጥቻለሁ። መሬት ላይ እያቆምኩ በደረቴ ተጫንኳቸው፤ አራቱ ቀስ ብለው ይነሳሉ፣ ደህና ናቸው፤ አንዱ ዘይት ያነባል። ጎሚኒው ተገዝቷል። እንዳትዘል ከኋላ የምንጭነው ሁለት ጆንያ አሸዋም ሞልቻለሁ። የጎደለው እጅ ነው። ሐሙስ ደግሞ ከነገ ወዲያ ነው።

ለባለቤቴ «ጆሮ ይመጣል» አልኳት።

«ከሰደብከው በኋላ?»

«ይመጣል።»

«እሱ ከነካት እሳፈራለሁ» አለች። በመኪናዋ ነገር እኔን አታምነኝም፤ አንተን ግን ታምናለች። ይህም ይጻፍ።

ድንጋይ ካባ የምንሠራ ጊዜ መኪናው ሲንኳኳብኝ፣ አንተ ከኋላ ወለሉ ላይ ጆሮህን ለጥፈህ ትተኛ ነበር። ቅጽል ስምህንም ያኔ ነው ያወጣሁልህ። ድምፁን ስታገኘው ጣሪያውን ሁለቴ ትመታለህ፤ እኔ ለምን ሳልል እቆማለሁ። እንዲያ ነበርን።

ልጄ «አሁንስ ይቅርታውን ልጨምረው?» ትላለች። አትጨምሪ። እኔ ማንበብ በማልችለው ወረቀት ላይ ይቅርታ አላስጽፍም። የሰደብኩህ ሠራተኞችህ ፊት፣ በአፌ ነው፤ የምመልሰውም እዚያው ቆሜ፣ በአፌ ነው።

ብቻ ነገ ና። ሐሙስ እሷ ከፊት ትቀመጣለች፣ አንተ ከኋላ ከአሸዋው ጋር ትሆናለህ። ጣሪያውን ሁለቴ ምታ። እቆማለሁ።

ያንተው፣ ባለፒካፑ

(በፊርማ ቦታ አውራ ጣቴን አትሜያለሁ። ጥቁሩ ግሪስ ነው፤ አልለቅ አለኝ።)