የረቡዕ ዳዊት

ልጄ ይሄነው፣ ሰላሜን የነሱኝ መሪጌታ እንግዳው ናቸው፤ ከሳቸው በፊት ግን ሰላምታ ይቅደም። እንደ አገራችን እንደ ቆሰበር ዝናብ የማያባራ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን። ድንቹ ተቆፍሯል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ይህን የጻፍኩት በራሴ እጅ ነው። በስድሳ ዓመቴ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት መድገም ጀምሬያለሁ። መሪጌታ፣ «ወይዘሮ ፋና፣ አፍሽ ብቻ አይሩጥ። የምታነቢውን በልብሽ ሳዪው፤ ዓይነ ልቡናሽ ይበራል» አሉኝ። ከበራ በኋላ በምን እንደሚጠፋ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።

ዳዊት ለየቀኑ ተከፍሎ ነው የሚደገመው። በሰኞው ለምለም መስክ አያለሁ፤ በማክሰኞው ዋላ ከምንጭ ስትጠጣ አያለሁ። የረቡዕ ድርሻ ግን ዛፍና ውኃ የሌለበት ምድረ በዳ አለው። እዚያ ስደርስ ከጫግኒ የገዛሁልህን አረንጓዴ ጃኬት አሸዋ ላይ አየዋለሁ። ጃኬቱን እንጂ አንተን አላይም።

አብሮህ ከአገር የወጣው አስማረ በየሳምንቱ ከካርቱም ይደውላል። «ይሄነውስ?» ስለው፣ «እሱ ያለበት ኔትወርክ የለም፣ እማማ» ብሎ ስለ ላሚቱ ይጠይቀኛል።

በል፣ ስትሄድ የተሳለምከው ጊዮርጊስ ይከተልህ። ጃኬትህን አታውልቅ።

እናትህ ፋና ነኝ። የሌላውን ቀን እደግማለሁ፤ ረቡዕ ግን ከእንግዲህ ዳዊት አልገልጥም።