ሦስተኛ ፎቅ ላይ ዝም ስንል

ገርጂ፣ ኅዳር 13 ቀን

ይድረስ ለሀይሚ እናት፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽን ተሻለሽ? የቢሾፍቱ አየርስ ተስማማሽ? እህትሽና ልጆቿ ሁሉ ደህና ናቸው ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከጉሮሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ሀይሚም ደህና ናት፤ ቢሮው ያደክማታል እንጂ ሌላ ችግር የለባትም። ጎረቤቶቻችን ሰላም በልልን ብለዋል። ለሁሉም የእህትሽን ወገብ ልታስታምሚ እንደሄድሽ ነው የነገርኳቸው። ከፋሲካ እስከ ኅዳር የሚታመም ምን ዓይነት ወገብ ነው ብሎ ፊት ለፊት የጠየቀኝ እስካሁን የለም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። እኔ ስደውል ስልኩን ከጆሮሽ አርቀሽ ጠረጴዛ ላይ እንደምታስቀምጪው እህትሽ ነግራኛለች። አልተቀየምኩም። እሷም ማዕድ ቤት ሆና ጥርት ብሎ እንደሚሰማት ነው የነገረችኝ።

የጉሮሮዬ ነገር እንዲህ ነው። መስከረም ላይ አንድ ጠዋት መገናኛ ተራው ላይ ቆሜ፣ ሰልፉን ጥሶ የገባ ሾፌር ልገሥጽ አፌን ብከፍት የወጣው ድምፅ ዘይት ያጣ በር ይመስላል። ሾፌሩ ሳቀብኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ተራ ሳስከብር ሾፌር ሲስቅብኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ በቀጭን ነገር ጉሮሮዬን አይቶ ሥራዎ ምንድን ነው አለኝ። ባለኝ አቅም “ተራ አስከባሪ!” ብል፣ ውጭ ወረፋ የሚጠብቁት በሽተኞች ተራቸው የተጠራ መስሏቸው ብድግ አሉ። ሐኪሙ ሌላ አልጠየቀኝም። የድምፅዎ አውታር አብጧል፣ ለስምንት ሳምንት መጮህ ክልክል ነው፣ ካልሆነ ቢላዋ ይገባበታል ብሎ ሸኘኝ።

ሀይሚ ይህን ስትሰማ ታዝናለች ብዬ ነበር። ፊቷ በራ። ጩኸት እንዲሁ በትእዛዝ አይተውም አባዬ፣ ቦሌ ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው ዝም የሚሉበት ቦታ አለ፣ ቅዳሜ እወስድሃለሁ አለችኝ። ሜዲቴሽን ይሉታል። ሰው ዝም ለማለት ቦሌ ድረስ ታክሲ ይሳፈራል ወይ ብዬ ብጠይቃት አንዳንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ስለማይችል ነው አለችኝና ጫማዬን አቀበለችኝ።

እኔ እንደምታውቂኝ በሃይማኖቴ አልደራደርም። መጀመሪያ የነፍስ አባታችንን አማከርኩ። ምን ታደርጉበታላችሁ አሉኝ። ዓይናችንን ጨፍነን፣ ትንፋሻችንን እያዳመጥን፣ ለአርባ ደቂቃ ዝም ነው የምንለው አልኳቸው። ጣዖት አለበት? የለበትም። ያሰግዳሉ? አያሰግዱም አባቴ፣ ትራስ ላይ መቀመጥ ብቻ ነው። ቆይ፣ አንተን ዝም ሊያሰኙ ነው? አሉና መስቀላቸውን አሳልመውኝ፣ ሂድ ልጄ፣ ከተሳካላቸው ግን እንዴት እንዳደረጉት መጥተህ ንገረኝ አሉኝ።

ቦታው ከአንድ ካፌ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ካልሲ የሚያስተውልልኝ ስለሌለ የግራ እግሬ አውራ ጣት ከሁላችንም ቀድሞ ገብቶ ሰላምታ ሰጠ። ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ክብ ሠርቶ ተቀምጧል። የምታስተምረን ልዩ የምትባል፣ ባንክ ስትሠራ ኖራ የተወች ልጅ ናት። ድምፅዋ ከማነሱ የተነሣ ለመስማት ወደፊት ማዘንበል ያስፈልጋል። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ይዛ መገናኛ ብትቆም ማንም ቤቱ አይገባም ነበር። አጠገቤ ደግሞ አቶ ቶሌራ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። አባታቸው ያርሱት የነበረው መሬት ዛሬ የእኛ ኮንዶሚኒየም የቆመበት ነው አሉኝ። የትኛው ብሎክ ነህ ብለው ጠየቁኝና፣ እሱ ጋ ባቄላ ነበር፣ ጥሩ ባቄላ አሉ።

ትንፋሻችሁን ተከተሉ አለችን ልዩ። ተከተልኩ። ገባ፣ ወጣ። ገባ፣ ወጣ። የማውቀው ሥራ ሆነብኝ፤ አንዱ ሲገባ አንዱ እየወጣ፣ ወረፋ ሳይደራረብ። አቶ ቶሌራ በአምስተኛው ደቂቃ ማንኮራፋት ጀመሩ፤ ማንም ምንም አላላቸውም። እኔም ጥሩ እየሄድኩ ነበር። ታዲያ በዚያ ዝምታ መካከል ከታች ከመንገዱ አንድ ረዳት “ገርጂ፣ ገርጂ፣ ሁለት ሰው!” ሲል ሰማሁ። ድምፁን ለየሁት። የእኛ ተራ መኪና ነው፤ ከመስመሩ ወጥቶ፣ መጫን በማይፈቀድበት ቦታ እየጫነ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። መስኮቱን ከፍቼ “አንተ! ታርጋህን ይዤዋለሁ! አውርድ!” ስል ሳምንት ሙሉ ያረፈው ድምፅ እንዳለ ወጣ። ሾፌሩ ግራ ቀኝ አይቶ ሰው ሲያጣ ወደ ሰማይ ቀና አለና ተሳፋሪውን በሙሉ አወረደ። አቶ ቶሌራ ከእንቅልፋቸው ባንነው “አቤት ጌታዬ፣ መጣሁ” እያሉ እጃቸውን ዘረጉ። አንዲት ሴት ትራሷን ታቅፋ ግድግዳው ሥር ደርሳለች። ሀይሚ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍናለች።

ያባርሩኛል ብዬ ጫማዬን በዓይኔ ፈለግኩ። ልዩ ግን መስኮቱን በቀስታ ዘግታ፣ ጋሼ ይቀመጡ፣ ከጮኹ በኋላ ምን ሰሙ አለችኝ። ግራ ገባኝ። ከጮህኩ በኋላ አዳምጬ አላውቅማ። አሁን ያዳምጡ አለችኝ። ቁጭ ብዬ ባዳምጥ ልቤ ዳገት ላይ እንደቀረ አሮጌ ሚኒባስ ይንገጫገጫል። የቀረው ቤት ሁሉ ጸጥ ብሏል። ያ ጸጥታ ደስ የሚል አልነበረም፤ የፈሩ ሰዎች ጸጥታ ነበር። የማውቀው ጸጥታ ነው። ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ሰላም ይመስለኝ ነበር።

በቀጣዩ ሳምንት በሥራም ዝም አልኩ። በእጄ ምልክት ብቻ ተራ ማስከበር ያዝኩ። መጀመሪያ ቀን ሳቁ። በሁለተኛው ቀን ሾፌሮቹ ሳይነገራቸው መሰለፍ ጀመሩ፤ ፈርተው ነው። በሦስተኛው ቀን እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ አየሁ። አርብ ማምሻውን በሩ ተንኳኳ፤ ብከፍት ከመገናኛ ተራ ሃያ የሚሆን ሰው ነጠላ አጣፍቶ ደረጃውን ሞልቶታል። ይህ ሰው እንዲህ ዝም ያለው ሚስቱ ሞታበት ነው ተባብለው ለልቅሶ መጥተው ኖሯል። አንዱ ረዳት ከልቡ ያለቅሳል። ባለፈው ዓመት መስቀል አንቺ የሰጠሽውን ዳቦ እያነሣ ነው የሚያለቅሰው።

መጮህ አልችልም፤ ሹክ ብል ደግሞ በለቅሶው አይሰማም። የሀይሚን ወረቀት ስቤ በትልቁ “በሕይወት አለች” ብዬ ጽፌ ደረጃው ላይ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ለቅሶው ቀስ በቀስ ቆመ። እንኳን ደስ አለህ ያለኝም አለ። ከዚያ ያ የሚያለቅሰው ልጅ ዓይኑን እየጠረገ “ታዲያ የት ናቸው?” አለ። ወረቀቱን ገልብጬ ልጽፍ እስክሪብቶውን አነሣሁ።  የእህትሽን ወገብ መጻፍ አቃተኝ። ሁሉንም አስገብቼ ሻይ አፈላሁላቸው፤ ስኳሩ የት እንዳለ ግን አላገኘሁትም።

አሁን የምነግርሽ ያለፈው ቅዳሜ የሆነውን ነው። ከመስኮቱ ሥር አንድ ትራስ አለ፤ ሁልጊዜ ባዶ ነው። ቦታው ነፋሻ ስለሆነ ልቀመጥበት ስል አቶ ቶሌራ እጄን ያዝ አድርገው የሰው ነው አሉኝ። ሲያበቃ ታች ካፌው ሻይ ስንጠጣ የማን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። ዓመት ከመንፈቅ ቅዳሜን ሳታጓድል የምትመጣ ሴት ነበረች አሉኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዝም ብላ ትተኛ ነበር፤ ልዩም ማንም እንዳይቀሰቅሳት ከልክላ ነበር። ከቤቷ ማኅበር እሄዳለሁ ብላ ነው የምትወጣው። ማኅበር በወር አንዴ እንጂ በየሳምንቱ እንደማይጠጣ ባሏ እንዴት አያስብም ብዬ ልስቅ ስል ሻዩ ትን አለኝ።

እሳቸው ቀጠሉ። አንድ ቀን የልባችንን ስንጫወት እንዲህ አለችን አሉ፦ ባሌ ደግ ሰው ነው፣ ቤት ሲገባ ግን ድምፁ ቀድሞት ይገባና ወንበሩን ሁሉ ይይዘዋል፣ እኔ መቀመጫ አጣለሁ። ባሏን ሰድባው ታውቃለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። አይ፣ ስለ እሱ ስታወራስ ታስቀን ነበር፣ ከፋሲካ ወዲህ ግን አላየናትም አሉኝ።

ጃንጥላዬን ረሳሁ ብዬ ወደ ላይ ወጣሁ። ጃንጥላ አልያዝኩም። ከመስኮቱ ጎን መስቀያው ላይ ግራጫ ሹራብ ተንጠልጥሏል። ሦስተኛው ቁልፉ ከሌሎቹ አይመሳሰልም፤ ከካኪ ኮት የተነቀለ ነው። እኔ ካኪ ኮቴ ላይ ያ ቁልፍ የት ገባ ብዬ ቤቱን አንድ ቀን ሙሉ እንዳመስኩት ታስታውሺያለሽ። ቁልፉን በጣቴ ዳሰስኩት። ልዩ ገብታ አየችኝና ተመልሳ ወጥታ በሩን ዘጋችልኝ።

በታክሲ ስንመለስ ሀይሚን አየኋት። ገና አፌን ሳልከፍት፣ አባዬ እኔ ምንም አልተናገርኩም አለችኝ። እኔም ምንም አልጠየቅኩሽም አልኳት። ቦሌ ድልድይን ስናልፍ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣለች። ትልቅ ልጅ ከሆነች ወዲህ እንዲህ አድርጋ አታውቅም።

በማግሥቱ ለልዩ ደውዬ ቅዳሜ መገናኛ ሥራ ስለሚበዛብኝ ከረቡዕ ተማሪዎች ጋር አድርጊኝ አልኳት። በቀስታ ስለዋሸሁ ሳታምነኝ አልቀረችም። ሹራቡን ወደ ቤት ላመጣው ነበር፤ ተውኩት፤ እዚያው መስቀያው ላይ ነው። ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚሰበሰቡት ሰዎች ጥሩ ሰዎች ናቸው። እኔ በዚያ ሰዓት ተራ ላይ ነኝ፣ ከሥራዬም አልነቃነቅም፤ ሀይሚ ምስክሬ ናት። ደግሞ ከቢሾፍቱ ተነሥቶ ቦሌ ለመድረስ በገርጂ ማለፍ አያስፈልግም።

ጉልበትሽን ብርድ እንዳያገኝብሽ ተጠንቀቂ። እህትሽን፣ ወገቧን ያለ ጥፋቱ ስላማሁት ይቅር በይኝ በዪልኝ። ያሰብሽውን ያሳካልሽ፤ ቀንሽን የተረጋጋ፣ እንቅልፍሽን የጣፈጠ ያድርግልሽ።

የሀይሚ አባት