አንድ ሚሊ ሜትር የጠበበው በር

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

የትንንሽ ባቡር ሠሪዎች ክለብ። ዝናብ። ስምንት ወንዶች፣ ስምንት ኩባያ ሻይ... አጣቢዋ እኔ። ምህንድስና የተማርኩት ለዚህ ነበር?

ፉርጎዬ ግን አለቀ። የጥንት ሦስተኛ ማዕረግ፣ ከነወንበሩ ከነመስኮቱ፣ ከመዳፌ ትንሽ የሚተርፍ። ስምንት ወር ፈጀብኝ። ሊቀ መንበራችን ክሊፎርድ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየው። "ጎሽ ልጄ! ለሴት እጅ..." ቀሪውን ዋጠው። ቢተፋው ይሻል ነበር።

ማክሰኞ፣ የካቲት 17

ለቅዳሜው ዐውደ ርእይ ካርድ ሲጽፉ ደረስኩ። የፉርጎዬ ካርድ፦ "ሠሪ፦ ክሊፎርድ ኦልድሮይድ።"

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዳኛው የሚያውቀው ስም ነዋ፣ የኔ ልጅ። ዋንጫው እንደሆነ ለሁላችን ነው። ደሞስ ጎማዎቹን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም?" አለ ክሊፎርድ።

ጎማዎቹን! ከሱቅ፣ በፖስታ!

ሌሎቹ ሰባት ሽማግሌዎች? ዓይናቸውን ሻያቸው ውስጥ ተከሉ።

ይዤው ልውጣ? ሌባዋ እኔ ልባል? ይቆይ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ። ክሊፎርድ በከረባት። ዳኛው፣ ሚስተር ሄስኬት፣ ፉርጎዬን በማጉያ መነጽር አዩት፤ ለኩት።

"ግሩም ነው። ግን የመጨረሻው በር በአንድ ሚሊ ሜትር ጠቧል። የእውነተኛው ፉርጎ ፕላን ላይ ሁሉም በሮች እኩል ናቸው።"

ክሊፎርድ ቀላ። "እጄ ስቶ ነው። ዕድሜ መቼም... አስተካክለዋለሁ።"

እጁ ስቶ! ያልሠራውን ሠራሁ ብሎ አልበቃውም፣ ያልተሳሳተውንም ተሳሳትኩ አለ።

"የሳተ እጅ የለም፤ ስህተቱ የፕላኑ ነው" አልኩ።

ከቦርሳዬ አንድ ፎቶ አወጣሁ። እውነተኛው ፉርጎ ሚስስ ትዌይት እርሻ ላይ ዛሬም አለ፤ ጎማው ተነቅሎ፣ ጡብ ላይ ተቀምጦ፣ ዶሮ ቤት ሆኖ። በሐምሌ ኩሱን እየጠረግሁ በር በበር ለክቼዋለሁ። ፎቶው ላይ ሜትሬ ጠባቡ በር ላይ ተዘርግቷል... አንዲት ቀይ ዶሮ ታያለች።

ዳኛው ወደ ክሊፎርድ ዞሩ። "ይሄን አያውቁም ነበር?"

"እ... ማለቴ... ልጅቷ ታግዘኝ ነበር..."

"የሌሎቹ በሮች ወርድ ስንት ነው?" አልኩት።

ከረባቱን አላላ። ሠራሁት ያለውን ፉርጎ በር አያውቀውም!

ዳኛው ካርዱን ገልብጠው እስክሪብቶ ሰጡኝ። "ስምሽን ጻፊ።"

ጻፍኩ። ፊሊፓ ሆልጌት። በትልቁ።

ያሸነፍኩትን ዋንጫ የክለቡ ወጥ ቤት ተውኩላቸው። ሻይ ይጠጡበት... ራሳቸው አጥበው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ክለብ አልሄድኩም። ክሊፎርድ ደወለ።

"ልጄ፣ ያንቺ ፉርጎ ከሌለ ባቡራችን ጎደሎ ነው እኮ።"

ያንቺ አለ። አሁን ገና!

"የእርስዎን ድርሻ ጠዋት በፖስታ ልኬያለሁ" ብዬ ዘጋሁት።

ጎማዎቹን። ስድስቱንም።

ከሰዓት ፉርጎዬን ለሚስስ ትዌይት ወሰድኩላቸው። "ውይ፣ ዶሮ ቤቴ!" ብለው ሳቁ። "እንቁላሉስ የታለ?" መስኮታቸው ላይ አስቀመጡት፣ ዶሮ ቤቱ ትይዩ። ያለ ጎማ፣ ልክ እንደ እውነተኛው።

አሁን ነው በትክክል ያለቀው።