የጣሪያው በር ሲከፈት የሰማሁት

ለተከበሩ አባቴ ለአቶ መንግሥቴ፤

ጉልበትዎ እንዴት ነው አባባ? ብርድ ሲመጣ የሚነሳብዎ ሳልስ? እማዬ ዐይኗን ታከመች? ጤፉስ ውርጭ ሳይመታው ታጭዶ ገባ? እኔ በእናንተ ጸሎት ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ከመንግሥት ነገር ራቂ፤ በሰው አገር ምስክር መቆም ምን ይሉታል!» ብለው ሲቆጡኝ ዝም ያልኩት አባት ሲቆጣ አይመለስለትም ብዬ ነው። አሁን ነገሩን ከሥሩ ልንገርዎ።

ያን ሰሞን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት እዚህ ሬንተን መጥቶ ነበር። የመረጡትም ያልመረጡትም የሚወዱት ሰው ነው፤ የአውሮፕላን ፋብሪካው ሠራተኞች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ሊያዩት ወጡ። እኔ የምሠራበት የመኪና ማቆሚያ ፎቅ እሱ ንግግር ከሚያደርግበት አደባባይ ፊት ለፊት ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ጋሽ ገመዳ ይባላሉ፤ የነቀምቴ ሰው ናቸው፣ ሥራውን ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው።

ጠዋት ብርቱካናማ ሰደርያ የለበሰ፣ ትልቅ የመሣሪያ ሳጥን የያዘ ሰው መጣና «ሊፍት ልጠግን ነው የተላክሁት፤ የጣሪያውን በር ክፈቱልኝ» አለ። ጋሽ ገመዳ ወረቀት ጠየቁት፤ አሳያቸው። አላመኑትም፤ አለቃችን ጋ ደወሉ፤ ስልኩ አልተነሳም። ሰውየው «እኔም እንደ እናንተ ደሞዝተኛ ነኝ፤ አታስቀጡኝ» ብሎ ሲለማመጥ አዘኑለትና ከፈቱለት።

ሰዓት ሳይሞላ ጥይት ጮኸ። ፕሬዚዳንቱ ትከሻውን ተመትቶ ተረፈ፤ ጠባቂው ግን እስካሁን ሆስፒታል ነው። ተኳሹ እዚያው ጣሪያ ላይ ተያዘ። ከሰዓት በኋላ ጋሽ ገመዳን በካቴና ወሰዷቸው። ካሜራው በሩን ሲከፍቱ ያሳያል፤ ድምፅ ግን የለውም። ንግግሩን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አብራኝ የምትኖረው ሰሃርላ «የዜግነት መሐላሽ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው፤ እስከዚያ ዝም በዪ» አለችኝ። ለእኔ ሳስታ ነው። አልደብቅዎትም፣ ፈራሁ፤ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። በሦስተኛው ቀን የጋሽ ገመዳ ልጅ ኖላዊት የአባቷን ካፖርትና የምሳ ዕቃ ልትወስድ መጣች። ምንም አልጠየቀችኝም። የተረፈውን ምግብ ደፍታ፣ ዕቃውን እዚያው አጥባ፣ አመስግናኝ ወጣች። እኔም ያኔውኑ ፈቃድ ጠይቄ በቀጥታ መርማሪዎቹ ዘንድ ሄድኩ።

አንዱን ጥያቄ አራት ጊዜ እያገላበጡ ጠየቁኝ። አንደኛው «ለአገርሽ ሰው ልታዳዪ ነው?» አለኝ። «የሰማሁትን ነው የምናገረው። ተታለው ከፈቱ፤ እኔም አጠገባቸው ቆሜ አልከለከልኩም» አልኩት። በኋላ የጋሽ ገመዳን የስልክ መዝገብ ሲያዩ፣ ለአለቃችን የደወሉበት ሰዓት እንዳልኩት ሆኖ ተገኘ። ጋሽ ገመዳ በዘጠነኛው ቀን ተፈቱ። ከስተው፣ ጢማቸው አድጎ ነበር፤ «እንደ ስምሽ ሆንሽልኝ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ።

የመሐላዬ ቀን ግን ተራዝሟል። በዚህ ምክንያት ይሁን በሌላ፣ የነገረኝ የለም። ተኳሹ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ደግሞ እንደገና እጠራለሁ። እሄዳለሁ። ቢቆጡኝም እችለዋለሁ፤ ምርቃትዎን ብቻ አይንፈጉኝ።

እማዬን ጉንጮቿን ይሳሙልኝ። ሉቃስ ትምህርቱን እንዲበረታ ይንገሩልኝ፤ አክስቴን ፍቅርአዲስን ከነልጆቿ፣ አዳነችንም ከነባሏ ሰላም ይበሉልኝ። ጎረቤት ስለ እኔ ከጠየቀዎት አይሸሽጉ፤ «ልጄ ምስክር ቆማለች» ይበሏቸው።

ልጅዎ የምሥራች
ሬንተን፣ ሲያትል አጠገብ
ኅዳር ፲፪ ቀን