የደረጀ ፓስወርድ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ጠዋት 3፡00። ባሕር ዳር

ላፕቶፑን ተረከብሁ። የመ/ቤቱ ነው። ነገ እንፍራንዝ፣ ከዚያ ቆላ ድባ። የዓሣ አስጋሪዎችን ስም መመዝገብ፣ ከየቢሮው ኔትወርክ ጋር ማገናኘት፣ መላክ። እስከ ዓርብ 11 ሰዓት። ከዚያ መዝገቡ ይዘጋል፤ ስሙ የሌለ ሰው ፈቃድ የለውም፣ መረቡም ይወሰድበታል።

ኮምፒውተር ክፍል ያለውን ደረጀን፣ ላፕቶፑ ሌላ ቢሮ ስሄድ ይሠራልኛል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ኬብሉን ሰክቼ እንድልክ ነገረኝ። በቃ። ስድስት ዓመት አብረን ሠርተን አንድ ቀን በወጉ መልሶልኝ አያውቅም። አንቺ ማስታወሻዬ ታዘቢልኝ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። 9፡20። እንፍራንዝ

አልሠራም። ኬብሉን ሰካሁ፣ ነቀልሁ፣ ሰካሁ። የሌላው ሰው ኮምፒውተር ሁሉ ይሠራል፤ የኔ ብቻ ደንቆሮ። የቢሮው ጸሐፊ አየችልኝ። ለካ እያንዳንዱ ቢሮ የራሱ የኔትወርክ አድራሻ አለው፤ የኔው የባሕር ዳሩን ይዞ ሙጭጭ ብሏል። ልቀይር ስል ፓስወርድ አምጪ አለኝ። ፓስወርዱ ያለው ደረጀ ዘንድ ነው።

ደወልሁ። አያነሳም። ደወልሁ። አያነሳም። መልእክት ላክሁ። ዝም።

ጠላሁት። ጾም ጸሎቴን ቢያበላሽም ጠላሁት።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። 10፡00። ቆላ ድባ

ሌላ ቢሮ፣ ሌላ ኔትወርክ፣ ያው በሽታ። ኃላፊያችን አቶ ምትኩ ደወሉ። እስካሁን አንድ ስም እንኳ አልደረሰም አሉ። ደረጀ፣ ማሽኑ ደኅና ነው፣ እሷ ናት የማትችለው ብሏቸዋል። የኔን ስልክ አያነሳም፣ እኔን ለማማት ግን አፍ አለው!

ከሐይቁ ዳር ለመመዝገብ ከመጡት መካከል አባባ ሰይድ የሚባሉ ጀልባ ሠሪ አሉ። ያሰግራሉም። አምና ስማቸው ሳይደርስ ቀርቶ መረባቸው ተወስዷል። ዘንድሮስ ይደርሳል ወይ ሲሉኝ ጮኽሁባቸው። "እኔ ምን አውቅልዎታለሁ!" አልሁ። አባቴ የሚሆኑ ሰው። ወጥተው ሄዱ። አፈርሁ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14። 11፡15። ቆላ ድባ

ተላከ። የእንፍራንዙም የቆላ ድባውም።

አባባ ሰይድ ከሰዓት ተመልሰው መጡ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ችግሩንም ነገርኋቸው። ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው "በዚህ ሞክሪው" አሉኝ። ደረጀ ጋ ደወልሁ። ወዲያው አነሳው! ድምፄን ሲሰማ ስብሰባ ላይ ነኝ አለ። ልለምነው ስጀምር አባባ ስልኩን ከእጄ ወሰዱት።

"ልጄ፣ ሰይድ እባላለሁ። ይህች ልጅ ትናንትም ዛሬም ስትንገበገብ አየሁ። አምና መረቤ ሄደ። ዘንድሮ ደግሞ ባንተ ዝምታ ይሂድ? እስቲ ንገረኝ፣ ይሂድ?"

ደረጀ ፓስወርዱን ፊደል በፊደል ነገራቸው፤ እሳቸው ጮክ ብለው ሲደግሙ እኔ ጻፍሁ። አድራሻው ተቀየረ፣ ኔትወርኩ ገባ። ሊዘጋ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው የመጨረሻው ስም አለፈ። አባባ ስማቸውን ስክሪኑ ላይ አሳይኝ አሉ። አሳየኋቸው። በጣታቸው ነኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ምሽት 1፡00። ዘንዘልማ፣ ቤት

ምስጋና ጠብቄ ነበር። ሞኝ!

የጠበቀኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነው። የመ/ቤቱን ፓስወርድ ለውጭ ሰው አሳልፋ ሰጥታለች ይላል። ከሳሹ ደረጀ። በአፉ የተናገረው እሱ፣ ጥፋተኛዋ እኔ! አቶ ምትኩ፣ ፈርሚና ነገሩ ይብረድ አሉኝ። ብዕሩን ይዤ ነበር። ከዚያ አስቀመጥሁት፤ እስከ ነገ ስጡኝ ብዬ ወጣሁ።

ባጃጅ ውስጥ አለቀስሁ። ከንዴት ነው።

አባባ ሰይድን ደውዬ ምስክር ይሁኑኝ አልኋቸው። ሳያስጨርሱኝ "እመጣለሁ" አሉ።

አልፈርምም። ቢያዛውሩኝም ያዛውሩኝ፣ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ። የራሴን ደብዳቤ እጽፋለሁ። አሁኑኑ። ደረጀ ያላነሳውን ስልክ ሁሉ ከነሰዓቱ።

ለአቶ ምትኩ። ጉዳዩ፦ አቤቱታ። ጥቅምት 11 ቀን፣ ከቀኑ 8፡10፣ ደወልሁ፣ አልተነሳም። 8፡14፣ ደወልሁ፣ አልተነሳም። 8፡30፣