ከመዋኛው ወዲያ ያለው ሐይቅ

አባዬ፣

ነገር የተበላሸው ያን ቅዳሜ ጠዋት ነው። የመኪናው ሞተር ተነሥቷል፤ እኔ ከኋላ፣ ከወንዶቹ ተማሪዎች መካከል፣ ስንቄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተመቻችቼ ተቀምጫለሁ። አንተ ከፊት ወንበር ወርደህ፣ ዞረህ መጣህና ፊቴን ሳታይ፣ የመኪናውን ጎን በመዳፍህ መታ መታ እያደረግህ «ሌሊሴ፣ አንቺ ውረጂ» አልከኝ። ወረድኩ። «ጂኦግራፊ ወረደች! እንግዲህ መንገድ ማን ሊያሳየን ነው?» ብሎ አንዱ ጮኸ፤ ሁሉም ሳቁ። በቦታዬ ታደሰ ተቀመጠ፤ ዓባይ ወደ የት እንደሚፈስ ገና ያልለየው ታደሰ። መኪናው በጊንጪ መንገድ ወደ ደንዲ ሐይቅ ሄደ። እኔ ስንቄን እንደያዝኩ በር ላይ ቀረሁ።

ከተለየኸን ዓመት አልፎ መንፈቁን ልንደፍን ነው። ሙት ዓመትህን በወጉ ዘክረናል። እማዬ ጥቁሯን አውልቃለች፤ ቀለም ያለው ልብስ ግን ገና አልለመደችም። ካፖርትህን ለአጎቴ ለነጋሳ ሰጠችው፤ በር ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቆም ባየሁት ቁጥር ልቤ ይደነግጣል። ዜና በምትሰማበት ሰዓት አሁንም ራዲዮህን ትከፍተዋለች፤ አትሰማውም፤ ወጧን እያማሰለች ዝም ብሎ እንዲያወራ ብቻ ነው።

እኔ ኮሌጁን ጨርሼ እዚሁ አምቦ ተመድቤአለሁ። አንተ ባስተማርክበት ክፍል፣ አንተ በሰቀልከው ካርታ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤቱ ማኅተም ዛሬም በከተማዋ የድሮ ስም «ሀገረ ሕይወት» ይላል። ወንበሮቹ ግን ሳስተዋል። ዕድሜያቸው የደረሰው ወንዶች ለብሔራዊ ውትድርና ሄደዋል፤ ታደሰም ሄዷል። እናቱን ገበያ ላይ ሳገኛት፣ ልጇ በቦታዬ ስለተቀመጠ ስንት ጊዜ እንደረገምኩት አስብና አንገቴን እደፋለሁ።

ትዝ ይልሃል፣ ከአዲስ አበባ በእሑድ እየመጡ መዋኛው ውስጥ ሲንቦጫረቁ ውለው፣ የማዕድን ውሃቸውን ጠጥተው የሚመለሱትን እንግዶች እንዴት ትቀልድባቸው እንደነበር? «አምቦን ታጥበውባት ሄዱ እንጂ አላዩዋትም» ትል ነበር። ላንተ አምቦ ከመዋኛው ወዲያ ነበረች። የጉደር ፏፏቴ፣ የወንጪ ሐይቅና መካከሉ ላይ ያለችው ደሴት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደንዲ፤ ተራራ ራሱ ላይ ተቦርቡሮ የያዘው፣ ሁለት ሆኖ መካከሉ ላይ የተጋጠመ ውሃ። በየዓመቱ ዝናቡ ካለፈ በኋላ መኪና ለምነህ ተማሪ ትጭን ነበር። ወንድ ተማሪ። ለሴቶቹ መዋኛው ነበረላቸው። አገሩን በመዋኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው ላይ የምትስቀው አንተ፣ ልጅህን በመዋኛ ብቻ አሳደግካት። ይህን በሕይወት ሳለህ ብነግርህ ትስቅ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ታዝን ነበር። አልነገርኩህም።

ማታ ስትመለስ ግን ራት ላይ ለእኔ ነበር የምትተርከው። እግርህን ስትከተው ውሃው ቁርጭምጭሚትህን እንዴት እንደነከሰህ፣ ከታች ያለው ደንገል ነፋስ ሲነካው ምን እንደሚመስል፣ ሁለቱ ሐይቆች የሚገናኙበት ጉሮሮ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ። እኔ አፌን ከፍቼ እሰማለሁ፤ እንጀራው እጄ ላይ ይደርቃል፤ እማዬ «ኧረ ልጂቱን አብላት፣ ሐይቅ አትጠግብም» ትልሃለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሬ ውሰደኝ አልኩህ። አሥራ ሁለተኛ ስደርስ፣ በትምህርትህ አንደኛ ስወጣ፣ በመጨረሻ እሺ አልክ። እማዬ ዳቦ ደፋችልኝ። ከዚያ ያ ጠዋት መጣ።

ያን ዕለት ማታም ልትተርክልኝ ጀመርክ። «ጥናት አለብኝ» ብዬ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ ደንዲ በተነሣ ቁጥር ተነሣሁ። ኮሌጅ ገብቼ ለዕረፍት ስመጣም፣ እንዴት አደርክ፣ እንዴት ዋልክ፣ ደህና እደር፤ ከዚህ ያለፈ ቃል አላወጣሁልህም። አንተም አልጫንከኝም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ አውቶቡስ ተራ ድረስ ሻንጣዬን ልትሸከምልኝ ፈልገህ አንሥተኸው መልሰህ አስቀመጥከውና «ለነጋሳ ንገሪው፣ ወገቤን ነው» አልክ። ወገብህ መሰለኝ።

የመጨረሻ ፈተናዬ ላይ አጎቴ ነጋሳ አዲስ አበባ ኮሌጅ ድረስ መጣ። ቆሎና ዳቦ ይዞልኝ ነበር። ጺሙ ፊቱን ወርሶታል። «ምነው ጋሼ፣ አምቦ ምላጭ ጠፋ እንዴ?» ብዬ ቀለድኩበት። «በቀበሌ ሱቅ ወረፋ ነው፤ የኔ ተራ ገና ነው» አለኝና ሳቀ። አብሬው ሳቅሁ። «አባትሽ ደህና ነው፤ ፈተናሽን በርትተሽ ጨርሺ ብሎሻል» አለኝ። አባዬ፣ ያን ጊዜ አንተ ከተቀበርክ ሰንብተሃል። የማላውቀውን የሐዘን ጺም እየነካሁ ስቄአለሁ። ከአዲስ አበባ አምቦ አንድ ሰው በጠዋት ተነሥቶ ለምሳ የሚደርስበት መንገድ ነው። የእኔ አፈር ብቻ ቀረብህ።

ፈተናውን ጨርሼ ስመጣ ከአውቶቡስ የተቀበለኝ እሱ ነው። እማዬ ጉደር ዘመድ ጥየቃ ሄዳለች ብሎ ጎረቤት አሳደረኝ። ሲነጋጋ በሩ ተንኳኳ፤ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ተከታትለው ገቡ፤ ማንም እንዴት አደርሽ አላለኝም። መርዶ መሆኑን ከአፋቸው ሳይሆን ከዝምታቸው ሰማሁ። እየሮጥኩ ቤት ስደርስ ድንኳኑ ፈርሷል። የካስማዎቹ ጉድጓድ ብቻ ግቢው ውስጥ ቀርቶ ነበር። እዚያ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጬ አለቀስኩ፤ ሰዎቹ ከላዬ ቆመው «ለአንቺ ብለን ነው፣ ትምህርትሽ እንዳይበላሽ» ይሉኝ ነበር። መልሱን ያገኘሁት ደንዲ ላይ ነው።

አዎ፣ ሄድኩ። ማንም አልወሰደኝም። በኅዳር አንድ ቅዳሜ በአውቶቡስ ጊንጪ ወረድኩ፤ ከዚያ ገብስ ሊጭን ወደ ተራራው የሚወጣ መኪና ላይ ተሳፈርኩ፤ የቀረውን ደግሞ በእግሬ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ዳገቱ አልቆ ከአፋፉ ስደርስ መሬቱ በድንገት ከእግሬ ሥር ጠፋና ሐይቁ ከታች ወለል አለ። ቁጭ አልኩ። አንተን አሰብኩ፤ ከዚህ ወርደህ እግርህን ስትከት።

አፋፉ ላይ አንድ ቤት አለ። ባለቤቱ ኦቦ ገመቹ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡኝ፣ የማን ልጅ እንደሆንኩም ጠየቁኝ። ስነግራቸው አተኩረው አዩኝ። «የባርሲሳው? የዚያ የመምህሩ? ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ግንባርሽ የሱ ነው!» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ። ከዚያም አጥራቸው አጠገብ ካለ ኮሶ ሥር ያለ ድንጋይ አሳዩኝ። «የሱ ቦታ ይህ ነው» አሉ።

ልጆቹ እንደ ፍየል ወደ ታች ሲበተኑ አንተ እዚያ ትቀመጥ ነበር አሉኝ። ቀደም ሲል ትወርድ እንደነበር፣ በኋላ ግን፣ ለብዙ ዓመት፣ አንድ ቀን እንኳ እንዳልወረድክ። ጋቢህን ተከናንበህ፣ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ፣ ላብህ እስኪደርቅ ዝም ትላለህ፤ ከዚያ ከእርጎአቸው ትጠጣለህ። «መውረዱስ ደግ ነበር፤ መውጣቱ ነው የሚገድለኝ» ትላቸዋለህ። ልጆቹ ሲመለሱ አንድ በአንድ እየያዝክ ትጠይቃለህ፤ ውሃው ይቀዘቅዛል? ምን ያህል? ደንገሉ ደርቋል? ጉሮሮው ጋ ደረሳችሁ?

አባዬ፣ ያ ራት ላይ የሰማሁት ሁሉ የታደሰ እግር ነው። የታደሰና የመሰሎቹ።

ኦቦ ገመቹ ግን አልጨረሱም። «አንድ ጊዜ ጠየቅሁት» አሉ፤ «ስንት የሰው ልጅ ታመጣለህ፣ የራስህን ለምን አታመጣም አልኩት። ምን አለኝ መሰለሽ? እነዚህ ልጆች ቁልቁል ነው የሚያዩት፤ እሷ ከመጣች የምታየው እኔን ነው። አንዴ ካየችኝ ነገውኑ ሐኪም ቤት ነኝ፤ ትምህርቷንም ትታ አልጋዬ ሥር ነች አለኝ።» ይህን ብለው ሳቁ። ደስ የሚያሰኝ ነገር የነገሩኝ መስሏቸው ነው። አንተን ያወደሱልኝ፣ እኔንም ያወደሱኝ መስሏቸው።

እውነትህን ነው፤ አይህ ነበር። እኔ የሚያምህ ልብህ መሆኑን ከላብህ አውቀው ነበር። አዲስ አበባ ድረስ በግድ እወስድህ ነበር፤ ብትቆጣ ትቆጣ ነበር። ምናልባት ሐኪሞቹ ምንም ባያደርጉልህም። ምናልባት ደግሞ ዛሬ ይህን ደብዳቤ ሳይሆን ካፖርትህን እየጠረግሁልህ ነበር። «ውረጂ» ያልከኝ ሴት ስለሆንኩ መስሎኝ ስንት ጊዜ ከራት ተነሣሁ! ለሴት ያልተፈቀደ መንገድ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለዓይኔ ነው ያልተፈቀደው። ይህን ሳውቅ ቁጣዬ የሚበርድ መስሎኝ ነበር። አልበረደም። ቦታ ቀየረ እንጂ።

ወረድኩ። ውሃው ጋ ደርሼ ጫማዬን አወለቅሁና እግሬን ከተትኩ። እኩለ ቀን ነበር፤ ዳር ዳሩ ለብ ብሏል። አይነክስም አባዬ። ልጆቹ አጋነውብሃል። እዚያው ቆሜ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ልቅሶዬ መጣ፤ ምክንያቱም ይህን ለመንገር የምፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነበር። ብታስከትለኝ ኖሮ አንተ ከላይ ድንጋይህ ላይ ሆነህ፣ እኔ ወርጄ እውነቱን አመጣልህ ነበር። ውሃውን በኮዳ ቀድቼ እጅህ ላይ አፈስልህ ነበር። ከሁለታችን አንድ ሙሉ ተጓዥ ይወጣ ነበር።

ቤት ተመልሼ እማዬን ጠየቅኋት። ምግቡን ከምድጃ አወረደች። ታውቅ ኖሯል። አስምለሃታል። «ትምህርትሽን ትተይ ነበር፤ ለአንቺ ብለን ነው» አለችኝ። እሷም። ተቆጥቼ ልጮኽ ስል ትዝ አለኝ፤ ያን ሁሉ ዓመት ምሥጢርህን ብቻዋን ተሸክማ፣ ትንፋሽህን ማታ ማታ እያዳመጠች ያደረች ሴት ናት። አቀፍኳት። ግን «እማዬ፣ ያንቺ ደረት ያመመ ቀን መጀመሪያ የምሰማው እኔ ነኝ» አልኳት። «እሺ» አለች። «በእግዚአብሔር በይ» አልኳት። አለች።

አሁን ደግሞ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ወንዶቹ ስላነሱ የደንዲ ጉዞ ይቅር ብለዋል። ሴቶቹን ልውሰድ ስላቸው፣ ፈገግ ብለው «መምህርት ሌሊሴ፣ መንገዱ ከባድ ነው፤ መዋኛው አለላቸው አይደለም እንዴ? ለእነሱ ብለን ነው» አሉኝ። ያን ቃል ሲሉ ፊቴን ቢያዩት ኖሮ ባላሉት ነበር። በጥር ዕረፍት ሴቶቹን ይዤ እወጣለሁ። መኪና ከተገኘ በመኪና፣ ካልተገኘ በገብስ ጫኝ። የዘገየችውን አብሬ እዘገያለሁ፤ ደረቷን የያዘች ካለች አያታለሁ። ኦቦ ገመቹ እርጎ ቃል ገብተውልናል።

በሙት ዓመትህ ዕለት ሰዎች ተራራ ለተራራ ያንከራተትካቸውን ልጆች እያነሡ አመሰገኑህ። እኔ እንደዚያ አድርጌ አላስብህም። የማስብህ ኮሶው ሥር ተቀምጠህ፣ ላብህ እየደረቀ፣ የሰው ልጅ እግር ያመጣልህን ውሃ በጥያቄ ስትጠጣ ነው። ሲደክመው አይቼው የማላውቀውን አባቴን በዚያ አወቅሁት፤ እስክሞትም በዚያ አስታውሰዋለሁ። የራቱን ተረትም ይቅር ብዬሃለሁ፤ ቆንጆ ነበር።

አንዱን ግን አላደርገውም። የምወደው ሰው ሕመሙን፣ ሞቱን፣ ድካሙን ከእኔ ደብቆ ፍቅር ነው ቢለኝ ከእንግዲህ አልቀበልም። ከእማዬ አልቀበልም፣ ከነጋሳ አልቀበልም፣ ነገ ከማገባው ሰው አልቀበልም። ካንተም አልቀበልም አባዬ።

ልጅህ ሌሊሴ