በእኔ ራስ የተገባ ስለት

አፍንጮ በር፣ አዲስ አበባ
ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለኢዩኤል፣ ጆሃንስበርግ

ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን ብዬ ልጀምር አስቤ ተውኩት። ናፍቆቱን እናትህ ጠቅልለው ይዘውታል፤ ለእኔ የተረፈኝ የራስ ማሳከክ ነው። በስልክ እንዳልነግርህ የምትደውለው በእሳቸው ስልክ ነው፣ እሱም ላውድ ተደርጎ ለግቢው ሁሉ ይሰማል። ስለዚህ ይህንን ደብዳቤ ለእረፍት የመጣው ጓደኛህ አርአያ ወደዚያ ሲመለስ ያደርስልሃል። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

ስለቱን መቼም አትረሳውም። የሄድክ ሰሞን መንገድ ላይ ድምፅህ ሲጠፋ፣ እናትህ ጊዮርጊስ ደጅ ተደፍተው "ልጄን አትርፍልኝ እንጂ፣ እሱ ቤቱ እስኪገባ የሚስቱን ራስ ማበጠሪያም መቀስም አይነካውም" ብለው ተሳሉ። በገዛ ራሳቸው ቢሆን እኮ ምን ነበረበት! እኔም ያኔ እንኳን ፀጉሬን አንገቴን ስጪ ብባል እሺ ባይ ነበርኩ።

ይኸው ፀጉሬ ተጠቅልሎና ተጣብቆ ድሬድ ሆኖ ከትከሻዬ ወርዷል። ፒያሳ ስወጣ ወጣቶቹ "ራስታዋ፣ ሰላም ነው?" ይሉኛል። ውቤ በረሃ አንዱ የየትኛው ባንድ ዘፋኝ ነሽ ብሎ ጠይቆኛል። ዘፋኟ ቤቷ ገብታ በኪሮሽ መርፌ ራሷን እንደምትጎረጉር አያውቅ።

እናትህ ስለት በሽቶ አይታጠብም ብለው የሚሰጡኝ የልብስ ሳሙና ነበር። ሳሙናው ውስጥ ውስጡን ቀርቶ፣ ክረምቱም ተጨምሮበት መሽተት ጀመርኩ። ቅዳሴ ላይ አጠገቤ የቆመች ሴትዮ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ፈቀቅ ስትልብኝ አለቀስኩ። በማግስቱ አብዱልሃሚድ ጋ ሄድኩ። ያ ኮስሞቲክስ ሻጩ፣ የድሮ ሱቁ ከፈረሰ ወዲህ ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ነው ያለው።

"የእትዬ ሸዋረጋ ምራት! ምን ልስጥሽ?"

"ለዚህ የሚሆን ሻምፖ። ራስ የማያቃጥል።"

"ወፍራሙን፣ ወተት የመሰለውን ተዪው፤ ድሬድ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ማለስለሻም እንዳትቀቢ። ስስ ሆኖ ቶሎ የሚለቅ ነው የሚያስፈልግሽ።"

"ሽታም የሌለው ይሁን።"

"ሽታ የሌለው? ለማን ብለሽ ነው?"

"ለአማቴ።"

ከት ብሎ ሳቀና የሕፃን ሻምፖ አወረደልኝ። "ሥዕሉን አይተሽ አትናቂው። ብቻ ታጥበሽ እርጥቡን እንዳትጠቀልይው፣ ፀሐይ ላይ ውስጡ ድረስ ይድረቅ" አለኝ።

ቅዳሜ ውሃ መጣ። እናትህ "የተሳልኩት እኔ፣ የማጥበውም እኔ" ብለው ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ አስቀመጡኝ። ጠርሙሱን ከእጄ ተቀበሉኝ። ሥዕሉ ላይ ያለችውን ሕፃን በአውራ ጣታቸው ደጋግመው ዳበሷት። ከዚያ አንገቴን ሳፋው ላይ ደፍተው ውሃውን እያፈሰሱ፣

"የእሷም ፀጉር እንዲህ ጥቅልል ያለ ነው አሉ" አሉኝ።

"የማን?"

"የልጅቷ። የኢዩኤል ልጅ።"

ቀና ልል ስል እጃቸው ማጅራቴ ላይ ነው። ልጮህ አፌን ብከፍት አረፋ ገባበት። ጎንበስ እንዳልኩ ሁሉንም ሰማሁ፤ እዚያ ሌላ ቤት እንደሠራህ፣ እንደማትመለስም፣ ለእኔ እንዳትነግረኝ የከለከሉህም እሳቸው እንደሆኑ። ንስሐ አባታችን ስለቱን ባለፈው ፋሲካ ፈትተውታል።

"ለምን ደበቁኝ?" አልኳቸው።

"ፀጉርሽ ከተቆረጠ ሐዋሳ እህትሽ ጋ ትሄጃለሽ። እኔ ማን አለኝ?"

ኢዩኤል፣ እንዴት እንደተናደድኩብህ አልነግርህም፣ ወረቀቱ አይበቃም። በእሳቸውም ተናድጃለሁ። ግን እየተናደድኩ፣ እሳቸው አንድ አንዱን ዘለላ እየለዩ በለሰለሰ ፎጣ ይጨምቁልኝ ነበር። ከሄድክ ወዲህ እንዲህ በስስት የነካኝ ሰው የለም። ፀጉሬ እስኪደርቅ ፀሐዩ ላይ አብረን ተቀመጥን።

እህቴ ሊያ ሐዋሳ የሆቴል ሥራ አስይዛልኛለች፣ ፀጉርሽን ተቆርጠሽ ነይ እያለች ትጨቀጭቀኛለች። የሚይዘኝ ስለት የለም። መቀሱም ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። እናትህ ግን ጠዋት ጠዋት እንደምን አደርሽ ከማለታቸው በፊት ራሴን ያያሉ፣ ፀጉሬ እንዳለ ካዩ በኋላ ነው ሰላም የሚሉኝ። በዚያ ዓይን ፊት መቀስ እንዴት ይነሳል?

ስለዚህ የምለምንህ ሁለት ነገር ነው። የልጅቷን የክርስትና ስም ንገራቸው፤ በጸሎት ሊያነሷት ይፈልጋሉ፣ እኔን ፈርተው አይጠይቁህም። ሁለተኛው፣ በገዛ አፍህ "እማዬ፣ ልቀቂያት" በላቸው። ከእኔ አፍ ከወጣ ጥዬአቸው መሄዴ ነው። አንተ ካልክ ግን አንተ ነህ የላክኸኝ።

ጊዮርጊስ ልጅህን ያሳድግልህ። ይህቺን ከልቤ ነው የምልህ፤ አንተን ለመመረቅ ግን ገና ነኝ።

እንደማውቅህ ይህንን ለማለት አትደውልም። ቅዳሜ ሲመጣ እሳቸው ውሃ ያሞቃሉ፣ እኔም ጎንበስ እላለሁ።

ብሩክታይት